የፔንግዊኑ ትኩሳት

አሁን ይሄ ነገር ዝም ያለው ደኅና ሆኖ ነው ወይስ ሞቶ?

እማማ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ይህን ጥያቄ ራሳቸውን ከጠየቁ ቆይተዋል፤ መልስ ግን አላገኙም። በወዲያ በኩል፣ በልጅ ልጃቸው ክፍል፣ ጠረጴዛው ሥር የተቀመጠው ጥቁር ሳጥን እስከ ቅድም ድረስ እንደ ጠገበች ድመት ያንኮራፋ ነበር። ከዚያ ድንገት ጸጥ አለ። ጸጥታ ደግሞ እማማን ከጩኸት ይልቅ ያስፈራቸዋል። ልጅም ቢሆን ዝም ሲል ነው አንድ ነገር እያበላሸ ያለው።

ዘው ብለው እንዳይገቡ ጠዋት ተነግሯቸዋል። ልጅቷ በየመሐሉ በሩን እየከፈትሽ ምን ሆነ አትበዪኝ፣ ሐሳቤ ይበተናል ብላቸዋለች። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀዱና ሻዩን ምክንያት አድርገው ገቡ።

"ደግሞ ሻይ?" አለች ልጅቷ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። የቀደሙት ሁለት ብርጭቆዎች ሳይነኩ አጠገቧ ቀዝቅዘው ቆመዋል።

"ልጄ፣ ማሽንሽ ዝም አለ።"

"ስለቀዘቀዘ ነው ዝም ያለው፣ እማማ።"

"እኛም እኮ ስንቀዘቅዝ ነው ዝም የምንለው" አሉ እማማ፤ ብርጭቆውን ከሁለቱ ጎን አሰልፈው ወጡ።

ልጅቷ በሥራዋ ሥዕል የምታንቀሳቅስ ናት። ያን ሰሞን የያዘችው ለሕፃናት ቲያትር የሚሆን፣ ከተዋንያኑ ጀርባ በሸራ ላይ የሚታይ አጭር ፊልም ነበር፤ ባቡር መሳፈር ስላማራት ቀንድ አውጣ። እሷ ሥዕሉንና እንቅስቃሴውን ጨርሳ ስትሰጠው፣ በቀንድ አውጣዋ ቅርፊት ላይ የሚያብረቀርቀውን ብርሃንና ከኋላዋ የምትተወውን እርጥብ መንገድ አንድ በአንድ እያሰላ የሚያወጣው ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ካርድ ነው። ካርዱ ሲሠራ ይግላል፤ ሲግል በላዩ የተገጠሙት ሁለት ትናንሽ ማራገቢያዎች እየተሽከረከሩ ያቀዘቅዙታል። እማማ ይህ ሁሉ ሲብራራላቸው በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ለቀንድ አውጣ ነው ይሄ ሁሉ ሩጫ?

በዚያ ላይ ኮምፒዩተሩ ሁለት ጠባይ አለው። ሲከፈት ወይ ዊንዶውስን ወይ ሊኑክስን ይመርጡለታል። እማማ ስክሪኑ ላይ በሚያዩት ምልክት አንዱን "መስኮቱ" ሌላውን "ፔንግዊኑ" ይሏቸዋል፤ ቤቱም ከሳቸው ተቀብሎ እንዲሁ ይላቸው ጀመር። ልጅቷ ስትስል በመስኮቱ ነው። እዚያ ማራገቢያዎቹን እንደ ልቧ የምታዝበት ፕሮግራም አላት፤ ቀንሱ ስትላቸው ይቀንሳሉ፣ ጨምሩ ስትላቸው ይጨምራሉ። ስላ ስትጨርስ ደግሞ ማሽኑን ወደ ፔንግዊኑ አዙራ፣ የማስላቱን ሥራ ትታለት ወደ ጉዳይዋ ትወጣለች፤ በዚያ በኩል ይፈጥንላታል። ያ ማዘዣ ፕሮግራም ግን ለፔንግዊኑ አልተሠራለትም። ካርዱ በራሱ ሕግ ያድራል፦ ሲቀዘቅዝ ማራገቢያዎቹን ጭራሽ ያቆማቸዋል፣ ሲሞቅ በድንገት ያስነሣቸዋል። እማማ ሲቆም ሞተ ብለው ይደነግጣሉ፤ ሲነሣ ደግሞ ሊፈነዳ ነው ብለው።

ፍርሃታቸው እንዲሁ ከሜዳ የበቀለ አይደለም። እማማ የወጣትነት ዘመናቸውን የጨረሱት በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ፣ መተኮሻው ክፍል ውስጥ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለተማሩ አለቃ አድርገዋቸው ነበርና ከሥራ ሲወጡ ከሁሉ በኋላ የሚቀሩት እሳቸው ነበሩ። ጣታቸውን በምላሳቸው እያራሱ ካውያዎቹን በተርታ ይነካሉ፤ አንዱም "ጭስ" ካላለ ብቻ በሩን ይቆልፋሉ። የጋለ ነገር ብቻውን ተትቶ አይኬድም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

እንግዲህ ያ ሳጥን ቤቱ ከገባ ወዲህ ልጅቷ በወጣች ቁጥር እማማ ቀሩ። ከጓደኞቻቸው ጋር የሚሄዱት የእግር ጉዞ ቀረ። የጎረቤት ልጅ ስትመረቅ በፎቶ አዩዋት። መነጽር ቤት አዲስ መነጽራቸው ደርሷል ተብሎ ከተደወለላቸው ስንት ጊዜው፣ እሳቸው ግን እስካሁን አሮጌውን በክር አስረው ያደርጋሉ። ምነው ሲባሉ ጉልበቴን አሞኛል ይላሉ። ጉልበታቸው እንደሁ ደኅና ነው።

በዚህ መሐል ታላቅ እህታቸው ደወሉ። እትዬ የስልክ ወሬ አያስረዝሙም።

"ቅዳሜ ከሰዓት ሰማንያዬን እደፍናለሁ። አንቺ ሳትመጪ ኬኩን አልቆርስም። ያን ሁሉ ሰው ኬክ ላይ አስፈጥጠሽ ብታስቀሪው ራስሽ ታውቂያለሽ።"

"እትዬ፣ ማሽኑ እኮ..."

"ማሽኑ ስንት ዓመት ሞላው?"

እማማ ዓመት እንዳልሞላው ተናገሩ።

"እንግዲያው ታናሽ ነው፤ ይታገሥ" ብለው እትዬ ዘጉት።

እማማ ስልኩን እንደያዙ ቀሩ። እትዬ በልጅነታቸው ወንዝ ሲሻገሩ አዝለዋቸዋል፤ የመጀመሪያውን የትምህርት ቤት ቦርሳ ከራሳቸው ቀሚስ ቆርጠው ሰፍተውላቸዋል። እትዬ ሰማንያ ሲሞላቸው አለመገኘት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳቸው አያስፈልግም። ልባቸው ከአሁኑ ሄዷል። እግራቸው ግን ሳጥኑን ለማን ትቶ ይሂድ?

በዚያው ሳምንት ነገሩ ባሰ። ፔንግዊኑን ትኩሳት ያዘው።

ልጅቷ ማሽኑን በፔንግዊኑ ትታ በወጣች ቁጥር ካርዱ ይግልና ማራገቢያዎቹ እንደ አውሮፕላን ይጮኻሉ። ተመልሳ ስታየው ሥራው ከግማሽ በታች ነው፤ ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ቀንሶ ሲጎተት ይውላል። ቀንድ አውጣዋ እውነተኛ ቀንድ አውጣ ሆነች። ልጅቷ ጨነቃትና ረጅሙን ጠራችው። ረጅሙ እዚያው ቲያትር ቤት በመብራትና በድምፅ በኩል የሚሠራ ባልደረባዋ ነው፤ ስሙን ያገኘው የእማማን ቤት በር ገና በመጀመሪያው ቀን በግንባሩ ስለተዋወቀው ነው። ፔንግዊኑን በዚህ ቤት የተከለው እሱ ነውና ሲሰደብበት እንደ ዘመድ ይከፋዋል።

"በመስኮቱ ይሄንኑ ሥራ ሰጥቼው ስድሳ አምስት ዲግሪ ላይ ቆመ" አለችው። "ያንተ ፔንግዊን ግን ሰማንያ አምስት ይገባል። ማራገቢያ መቆጣጠር አያውቅበትም፣ በቃ።"

"ፔንግዊን በረዶ ላይ ነው የሚኖረው። ሙቀቱን ከየት ያመጣዋል? አንቺ ነሽ የምታስጨንቂው።"

ሲከራከሩ ዋሉ። እሱ በፔንግዊኑ ላይ አዲስ ሕግ ጻፈ፦ ማራገቢያዎቹ ካርዱ ቢቀዘቅዝም በቀስታ ይዙሩ እንጂ አይቁሙ፣ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ይፍጠኑ። ልጅቷም የሙቀቱ ቁጥር ስልኳ ላይ እንዲመጣላት አስደረገች። ሳጥኑን ከፍተው አቧራውን በብሩሽ ጠረጉ። እያዩት ሲያሠሩት ምንም አይልም፤ ስድሳ አምስት ላይ ተቀምጦ ቀስ እያለ ያንኮራፋል። ዘወር ሲሉለት ይቆጣል። ረጅሙ፣ እንግዳ ፊት ጨዋ የሚሆን ባለጌ ልጅ አየሁ፣ ባለጌ ካርድ ግን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው አለ። እማማ ኮሪደሩ ላይ ቆመው፣ እንዲህ ከቀጠለ ካርዱ ይቃጠላል፣ ፊልሙም አይደርስም የሚል ቃል በጆሯቸው ገባ። 

ሁለቱ ወጣቶች የማያውቁት አንድ ነገር ነበር። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ልጅቷ ስትወጣ እማማም ሥራ ነበራቸው።

የውጪው በር ሲዘጋ፣ መኝታ ቤታቸው ያለውን ባለ ረጅም እግር ቬንቲሌተር አቅፈው ወደ ልጅቷ ክፍል ያመጣሉ። ሳጥኑን እንዳይነኩ ጥብቅ ትእዛዝ አለ፤ አይነኩም። እጃቸውን ብቻ በዙሪያው እያሳለፉ፣ እንደ ታመመ ሕፃን ግንባር፣ የቱ ጋ እንደሚያተኩሰው ይፈልጋሉ። ፊቱ ደኅና ነው። ከኋላው ግን እፍ የሚል ትኩስ አየር ይወጣል። ለካ እዚህ ጋ ነው ሕመሙ! ቬንቲሌተሩን በትክክል እዚያ ላይ ይደግኑበትና መጨረሻውን ቁጥር ይጫኑታል። ሳጥኑ ይባስ ብሎ ይጮኻል። እሳቸው ያስጠጉለታል። ሳጥኑ ያጓራል። እሳቸውም አይዞህ ይሉታል። የልጅቷ ቁልፍ በር ላይ ሲንቀጫቀጭ ቬንቲሌተሩን አቅፈው በኮሪደሩ ይሮጣሉ፤ ያ አሞኛል የሚሉት ጉልበት እንዴት እንደሚሮጥ ቢያዩት ደስ ይላል። ቁጣ ፈርተው ነው እንጂ የሠሩት በጎ ሥራ ለመሆኑ ቅንጣት አልተጠራጠሩም። እሳቸው ባይኖሩማ ቤቱ ይሄኔ ነዷል።

ቅዳሜ ደረሰ። የፊልሙ የመጨረሻ ቁራጭ በዚያ ቀን ተሰልቶ ማለቅ አለበት፤ ልጅቷና ረጅሙ ደግሞ ቲያትር ቤት ሄደው ሸራውን መስቀል አለባቸው። ልጅቷ ማሽኑን በፔንግዊኑ አስነሥታ፣ በር ላይ ቆማ አያቷን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። እማማ ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጥቁር ጫማቸውን ወልውለው ተጫምተዋል።

"እትዬ ጋ ትሄጃለሽ አይደል? ማሽኑን ተይው። ስልኬ ላይ አየዋለሁ።"

"እሄዳለሁ አልኩሽ እኮ።"

"እኔን ቅበሪኝ በይ።"

"ምን በወጣሽ" አሉ እማማ፤ ለዚህ አይማሉም። በምትኩ የተለመደውን ስንቅ ሰጧት፦ መንገድ ስትሻገሪ ግራ ቀኝ እዪ፣ መሰላል ላይ እሱ ይውጣ እንጂ አንቺ አትውጪ፣ አውቶቡስ ላይ በሩ አጠገብ አትቁሚ፣ ላብሽ ሳይደርቅ ቀዝቃዛ አትጠጪ። ለረጅሙም፣ ልጄ አንተ ደግሞ ጎንበስ በል ብለው ሳይጨርሱ የበሩ ጉበን ቀደማቸው።

በሩ ተዘጋ። እማማ ቦርሳቸውን አነሡ፤ እስከ በሩ ሄዱ፤ መያዣውንም ጨበጡ። ከኋላቸው ሳጥኑ ያንኮራፋል። ይሄኔ እትዬ ቤት ወንበር እየተደረደረ ነው። እጃቸው በሩን አልከፍት አለ። ሰው ቤት ቁጭ ብለው ስለ እሳት ከሚያስቡ እሳቱ ዘንድ ቁጭ ብለው ስለ እትዬ ቢያስቡ ይሻላል። ቦርሳቸውን አስቀምጠው ቬንቲሌተሩን ሊያመጡ ሄዱ።

በኋላ እንደነገሯቸው፣ ልጅቷና ረጅሙ ገና ቲያትር ቤቱ ደጃፍ ሳይደርሱ ነው ስልኳ ላይ ቁጥሩ መውጣት የጀመረው። ስድሳ አምስት፣ ሰባ፣ ሰባ ስምንት። አንድ ሰው ሥር ሥሩን የሚማግድ ይመስል ነበር። ሰማንያ ስድስት ሲገባ ልጅቷ ሸራውን ለሌሎቹ ትታ ወደ ቤት ከነፈች፤ ረጅሙም የፔንግዊኑ ጠበቃ ነውና ከኋላ ከኋላዋ።

እማማ ይህን አያውቁም። ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ቬንቲሌተሩ በሙሉ ኃይሉ የሳጥኑን ጀርባ ይነፋል፤ በቀኝ እጃቸው ደግሞ በታጠፈ ጋዜጣ ያግዙታል። ስልካቸው ሦስቴ ጮኾ ዝም ብሏል፤ እትዬ እንደሆኑ ያውቁታልና አላነሡትም። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "እኔ እትዬን አሳፈርኩ፤ አንተ ግን እሷን" ይሉታል ሳጥኑን፤ "አታሳፍራት፣ አደራህን። እኔ አንዴ ቀርቻለሁ።" በሁለቱ ነፋስና በሳጥኑ ጩኸት መሐል የበሩን ቁልፍ አልሰሙም። ቀና ሲሉ ልጅቷ ከፊታቸው ቆማለች፤ ከጀርባዋ ጉበኑ ጓ አለ።

"አልነካሁትም" አሉ እማማ ቀድመው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው።

ልጅቷ ሳጥኑን አየች፣ ቬንቲሌተሩን አየች፣ ጋዜጣውን አየች። "እማማ፣ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?"

"እናንተ ጥላችሁት ስትሄዱ ማን ያቀዝቅዘው? ነፋስ እንደሁ መንካት አይባልም። እዪው፣ ትኩሳቱ በዚህ በኩል ነው የሚወጣው።"

"ሁልጊዜ ታመጪዋለሽ?"

"ኧረ እኔ። አንቺ ስትወጪ ብቻ።"

ከዚያ ከበሩ በኩል ማንቆርቆሪያ ሊፈላ ሲል የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ረጅሙ ነው። በግድግዳው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ፤ ረጅም እግሮቹ ክፍሉን ሞሉት። "ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ከረምን" አለ ሳቁ እያነቀው። "ፔንግዊኔ ንጹሕ ነው። ይቅርታ ጠይቂው።"

ልጅቷ ተንበርክካ ቬንቲሌተሩን አጠፋችውና የእማማን እጅ ይዛ በሳጥኑ ፊት አስጠጋችው፤ አየሩ ወደ ውስጥ ይሳባል። ከዚያ ወደ ኋላው ወሰደችው፤ አየሩ እፍ ይላል።

"በዚያ ይስባል፣ በዚህ ያወጣል። ይሄ መተንፈሻው ነው፣ እማማ። አንቺ የተነፈሰውን መልሰሽ ጉሮሮው ውስጥ ትከቺበታለሽ።"

እማማ እጃቸውን እዚያው እንዳደረጉ ቀሩ። ጩኸቱ ከእጃቸው ሥር ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ሲል ተሰማቸው። የልጅቷ ስልክ ላይ ሰማንያው ወደ ሰባ ወረደ፤ ከሰባም እያዘገመ ወደ ታች።

"እኔ ነኝ እንዴ ያሳመምኩት?" አሉ በቀጭን ድምፅ።

ልጅቷ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች፤ ግን የአያቷ ፀጉር በቬንቲሌተሩ ነፋስ ወደ አንድ ወገን ተጋድሞ፣ መነጽራቸው በክሩ ተንጠልጥሎ፣ ጋዜጣው በእጃቸው እንዳለ ስታያቸው አልቻለችም። ጭናቸው ላይ ተደፍታ ሳቀች። "እኛ ፔንግዊኑን ስንሰድበው ትሰሚን አልነበር?"

"እኔስ ምን አውቄ" አሉ እማማ። "እኔም አብሬ ሰድቤዋለሁ።"

ከዚያ የሳቸውም ሳቅ መጣ። መጀመሪያ በእጃቸው ጥርሳቸውን ሸፍነው ነበር፤ ኋላ መሸፈኑንም ተዉት። ቬንቲሌተሩን አቅፈው በኮሪደሩ የሮጧቸው ሩጫዎች ሁሉ አንድ ባንድ ትዝ አሏቸውና፣ አንዴማ ከነገመዱ እየጎተትኩ ተጠልፌ ነበር ብለው ሲያወሩ ረጅሙ በቃ፣ በቃ እያለ ሆዱን ያዘ።

ሳቁ ሲበርድ እማማ እንባቸውን ጠርገው ረጅሙን ጠየቁት። "ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ። ከእንግዲህ ጭራሽ ዝም ይላል? ዝም ሲል ነው እኔ የማልችለው።"

"አይልም፣ እማማ። ቢቀዘቅዝም በቀስታ እንዲዞር ጽፌበታለሁ። ሲያንኮራፋ ከሰሙት ደኅና ነው ማለት ነው፤ እርስዎም ይተኙ።"

"ያንን ደግሞ በመስኮቱም እንዲሁ አደርገዋለሁ፤ በሁለቱም አንድ ድምፅ ትሰማለች" አለች ልጅቷ።

"በመስኮቱ ምን ያስፈልጋል? አሁን እኮ ተፈረደ፤ ፔንግዊኑ..."

"ምንም አልተፈረደም። የተፈረደው ቬንቲሌተሩ ላይ ነው።"

ተያያዙት። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው፣ ማን ማንን ይበልጣል እያሉ ትከሻ ለትከሻ ሲገፋፉ እማማ ቀስ ብለው ተነሡ። ቀሚሳቸውን አራገፉ። ፀጉራቸውን በመዳፋቸው መለሱ። ከዚያ የቀኝ እጃቸውን ሌባ ጣት ምላሳቸው ላይ አራሱና ጎንበስ ብለው የተከለከለውን ሳጥን አናቱን ነኩት።

ጭስ አላለም። ለብ ብሏል፣ እንደ እንቁላል። ከሥር ድመቷ ታንኮራፋለች።

ልጅቷ በዓይኗ ጥግ አየቻቸው፤ እንዳላየች ሆነች።

እማማ ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ቦርሳቸውን አንጠለጠሉ። አፋቸው በትእዛዝ ሞልቷል፦ መስኮቱን ክፈቱት፣ ሻዩን ጠጡት፣ ምድጃውን እዩት፣ ስትወጡ ቆልፉ፣ ረጅሙ ጎንበስ ይበል። ግን ራሳቸውን ያውቃሉ። አንዱ ከወጣ ሁለተኛው ይከተላል፤ ከሁለተኛው በኋላ ወንበር ይሳባል፤ ወንበር ከተሳበ ደግሞ ቀሩ። ስልካቸው ቦርሳው ውስጥ እንደገና መጮኽ ጀመረ። በባዶ ሆዱ ኬክ ላይ ያፈጠጠ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ታያቸው፤ መሐሉ ላይ እትዬ፣ ቢላውን እንደ ዳኛ ይዘው።

እማማ ከንፈራቸውን ገጠሙ፣ በሩን ከፈቱ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ።